ቤት ከመሸጡ አስቀድሞ

ቤትን መሸጥ እህልን ወይም ከብትን ገበያ አውጥቶ እንደ መሸጥ አይደለም። እህል ቢረክስ የሚመጣው መኸር ይክሰዋል፤ ከብት ቢሞት ሌላው ይረባል። ቤት ግን ለብዙ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራው፥ ልጆቹን የሚያሳድግበት፥ በእርጅናውም ዘመን የሚጠጋበት ሀብት ነው። ስለዚህ በቤት ሽያጭ ላይ የተፈጸመ ስሕተት በቀላሉ አይቃናም፤ ቢቃናም ከብዙ ክርክርና ከብዙ ወጪ በኋላ ነው።

ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ስለ ቤት አሻሻጥ ግን በቤተ ሰብ መካከል የሚነገረው ጥቂት ነው። ነገሩ የደላላና የዳኛ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። እኛ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የቤተ ሰብ ጉዳይ ነው እንላለን። ሻጭን የሚጐዳው የደላላው ብልጠት ብቻ አይደለም፤ ባልና ሚስት፥ እናትና ልጆች፥ ወንድምና እኅት በመካከላቸው ያልቈረጡትን ነገር ደላላው መጥቶ እንዲቈርጥላቸው መተዋቸው ነው። ይህን በምሳሌና በሒሳብ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ የሚሸጠው ነገር ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ መሬት በግል የሚሸጥና የሚገዛ መሆኑ ቀርቷል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት እንደ ሆነ፥ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ስለዚህ ሰው «ቤቴን ሸጥኩ» ሲል በሕግ ዐይን የሸጠው በቦታው ላይ የተሠራውን ቤት ነው፤ ቦታውን የመያዝ መብት ከቤቱ ጋራ ለገዢው ይተላለፋል።

ይህ ነገር ለሕግ ዐዋቂዎች ብቻ የሚነገር አይምሰል። ቦታው ነባር ይዞታ ነው ወይስ በሊዝ የተያዘ? በካርታው ላይ የተጻፈው ስፋት በአጥሩ ውስጥ ካለው ስፋት ጋራ ይስማማልን? ከጊቢው ጀርባ የተቀጠለችው ማድ ቤት በፕላኑ ላይ አለችን? ገዢው ይህን ሁሉ ይጠይቃል። የማይስማማ ነገር የተገኘ እንደ ሆነ ከዋጋው ላይ ይቀነሳል፤ አለዚያም ጉዳዩ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ሲንከራተት ወራት ያልፋሉ። ቤቱ ለባንክ ብድር መያዣ የሆነ፥ ወይም ከፍርድ ቤት እገዳ የተጣለበት ከሆነ፥ ያ ሳይነሣ ስሙ ወደ ገዢው ለመዛወር ይቸገራል። በዕጣ የተገኘው የጋራ መኖሪያ ቤትም፥ ኮንዶሚኒየም የሚባለው፥ እስከ 5 ዓመት እንዳይሸጥ ክልከላ ተደርጎበት ስለ ኖረ፥ የተሰጠበትን ውል አስቀድሞ ሳያነቡ ለገበያ ማውጣት አይገባም። እንግዲህ ደላላ ከመጠራቱ በፊት ካርታውን፥ ፕላኑንና የግብር ደረሰኙን ከሣጥን አውጥቶ በጠረጴዛ ላይ መዘርጋት፥ ጐደሎ ቢኖር በጊዜው ማሟላት የብልህ ሰው ሥራ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፥ ገዢ በር ላይ ቆሞ ሳለ የሚፈለግ ወረቀት ሁልጊዜ ዋጋ ያስወርዳል።

ከዚህ ቀጥሎ ቤተ ሰቡ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው፥ «ቤቱን ስንት እንሸጠዋለን?» ብሎ ሳይሆን «ከሸጥነው በኋላ የት እንኖራለን?» ብሎ ነው። ሰው ቤቱን የሚሸጥበት ምክንያት ልዩ ልዩ ነው፤ አንዱ ለሕክምና፥ አንዱ ለዕዳ፥ አንዱ ውርስን ለመካፈል፥ አንዱም ከሰፊ ቤት ወደ አነስተኛ ቤት ለመዛወር ይሸጣል። ምክንያቱ የታወቀ እንደ ሆነ የሚበቃው ዋጋ ስንት እንደ ሆነ ይታወቃል፤ ምክንያቱ ያልታወቀ እንደ ሆነ ግን የትኛውም ዋጋ አያጠግብም፥ የትኛውም ዋጋ አይጸናም።

ለምሳሌ ያህል እንዲህ ያለውን ቤተ ሰብ እናስብ። አባት ዐርፏል፤ እናትና 3 ልጆች ቀርተዋል። ቤቱ ባልና ሚስቱ በጋብቻቸው ዘመን አብረው ያፈሩት ነው። የመጀመሪያው ልጅ ለንግድ ገንዘብ ይሻል፤ ሁለተኛዪቱ በአሜሪካ ትኖራለች፤ ሦስተኛው ከእናቱ ጋራ በዚያው ቤት ይኖራል። አንድ ደላላ መጥቶ፥ «6,000,000 ብር የሚሰጥ ሰው አለኝ» ቢላቸው፥ ይህ ቍጥር እንደ ደወል በሁሉም ጆሮ ይጮኻል። እያንዳንዱም በልቡ 6,000,000 ብር ያያል።

ነገር ግን ሒሳቡን በወረቀት ላይ እንሥራው። በአዲስ አበባ በቤት ሽያጭ ለደላላ የሚሰጠው በልማድ 2 በመቶ ነው፤ ይህም ከ6,000,000 ብር ላይ 120,000 ብር ይሆናል። አባትየው በሕይወቱ ሳለ ከባንክ ከተበደረው ገና ያልተከፈለ 480,000 ብር ቢኖር እርሱም ይወጣል። የሚቀረው 5,400,000 ብር ነው። የተለየ የጋብቻ ውል ካልኖረ በቀር ባልና ሚስት በጋብቻ ያፈሩት ሀብት እኩል ይከፈላል፤ ስለዚህ የእናት ድርሻ 2,700,000 ብር ይሆናል። ኑዛዜም ካልተገኘ የአባት ግማሽ ለልጆቹ እኩል ይደርሳል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ልጆች ባሉ ጊዜ ሚስት ያለ ኑዛዜ የባልዋን ግማሽ አትወርስምና። ለሦስቱ ሲከፈልም ለያንዳንዳቸው 900,000 ብር ይሆናል።

እነሆ፥ በመጀመሪያው ቀን 6,000,000 ብር ያየው ልጅ በመጨረሻው ቀን የሚይዘው 900,000 ብር ነው። እናትም ሰፊ ጊቢ፥ ጓሮና ጎረቤት የነበራት፥ በ2,700,000 ብር ሌላ መጠጊያ ልትፈልግ ነው። በዚህ ገንዘብ ምን ያህል ቤት፥ በየትኛው ሰፈር ይገኛል? ሐኪም ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ፥ ወይም መስጊዱ፥ ምን ያህል ይርቃል? ከእርስዋ ጋራ የሚኖረው ልጅስ ወዴት ይሄዳል? ይህን ጥያቄ ሽያጩ ካለቀ በኋላ የሚጠይቅ ቤተ ሰብ ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኸው ውሻ ነው።

ከዚህ ሒሳብ በኋላ ምክሩ ሊለወጥ ይችላል። ምናልባት ሁለት ክፍል አከራይቶ ዕዳውን መክፈል ይሻል ይሆናል። ምናልባት አንዱ ልጅ ገንዘብ ያለው ቢሆን የወንድሙን ድርሻ በጽሑፍ በሆነ ስምምነት ገዝቶ እናቱን በቤትዋ ያኖራት ይሆናል። ምናልባትም መሸጡ የተሻለ ሆኖ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ግን በቅድሚያ የእናት መኖሪያ ይገዛል፥ ከዚያ በኋላ የቀረው ይከፋፈላል ብሎ መቍረጥ ይቻላል። የትኛውም ቢሆን ውሳኔው ተጽፎ ሁሉም ይፈርሙበት። በቃል የተስማሙ ወንድማማች ገንዘቡ በመጣ ጊዜ የተለያየ ቃል ያስታውሳሉና።

ሁለተኛው ጉዳይ፥ የሚሸጠው ማን ነው? የሚለው ነው። ካርታው በባል ስም ብቻ ስለ ተጻፈ ቤቱ የባል ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ። ነገር ግን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ያለ ስምምነት የተሸጠ እንደ ሆነም፥ አንቀጽ 69 ያልተስማማው ወገን ነገሩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፥ በማናቸውም ሁኔታ ግን ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ፥ ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤትን ለመጠየቅ ይፈቅድለታል። ስለዚህ ሚስቱን ሳያማክር ቤት ለመሸጥ የተነሣ ባል፥ ወይም ባልዋን ሳታማክር የተነሣች ሚስት፥ የትዳርን ክብር ከማጕደል በላይ ለገዢው የሚናወጥ ውል ይሰጣሉ። አስተዋይ ገዢም ይህን ስለሚያውቅ አስቀድሞ የሚጠይቀው «እመቤቲቱስ ተስማምተዋልን?» ብሎ ነው።

የውርስ ቤት የሆነ እንደ ሆነ ወራሾች ሁሉ በፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት፥ በሽያጩም ላይ ሁሉም መስማማት ይገባቸዋል። አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ በመካከል ቢኖር ድርሻው እንዳይጠፋ አስቀድሞ ፍርድ ቤት ቀርቦ መጠየቅ ያሻል። በባሕር ማዶ የሚኖር ወራሽ በኤምባሲ በኩል ውክልና ሊልክ ይችላል። ይሁን እንጂ «ስለ እኔ ሁሉን እንዲሠራልኝ» የሚል አጠቃላይ ውክልና ቤት ለመሸጥ አይበቃም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2205 ለእንዲህ ያለ ነገር ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልግ ይናገራልና፥ ወኪሉ ቤት እንዲሸጥ መፈቀዱ ተለይቶ ይጻፍ። በምሳሌያችን ያለችው በአሜሪካ የምትኖር ልጅ ወረቀትዋን ልካ እስኪደርስና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እስኪረጋገጥ ጊዜ ይፈጃል። ደግሞም የወካዩ ሞት፥ ሌላ ስምምነት ካልኖረ በቀር፥ ውክልናውን ያቋርጠዋል፤ አባት በሕይወቱ ሳለ በሰጠው ውክልና ከሞቱ በኋላ ቤቱን ለመሸጥ መነሣት ራስን በክስ ውስጥ መጨመር ነው።

ወገኑ ሁሉ ከተስማማ በኋላ ዋጋውን ማጥናት ይገባል። ዋጋ የሚጠናው የጎረቤት ቤት «ስንት ተጠራ?» በማለት ሳይሆን «ስንት ተሸጠ?» በማለት ነው፤ በተጠራውና በተሸጠው መካከል ብዙ ርቀት አለና። ለባንክ ግምት የሚሠራ መሐንዲስ ጥቂት ገንዘብ ተከፍሎት ቤቱን ቢገምት፥ ልዩ ልዩ ደላሎችም ለየብቻቸው ቢጠየቁ፥ ከሁሉ መካከል እውነተኛው ዋጋ ይታያል። ከዚያ በኋላ ቤተ ሰቡ ሁለት ቍጥር ይቍረጥ፤ አንደኛው ለገበያ የሚነገረው፥ ሁለተኛው ከእርሱ በታች ፈጽሞ የማይሸጥበት። ይህ ሁለተኛው ቍጥር ከቤት ውጭ አይነገር። ደላላ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን «የመጨረሻውን ይንገሩኝ» ይላል፤ የመጨረሻው ከተነገረው ግን በማግስቱ እርሱ የመነሻ ዋጋ ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ደላላው እንምጣ። ድለላ የሚናቅ ሥራ አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ እንኳ ስለ ደላሎች ደንግጎ ነበር። ገዢ የሌለው ሻጭና ሻጭ የሌለው ገዢ በዚህ ሰፊ ከተማ ያለ አገናኝ በቀላሉ አይገናኙም። ሰፈሩን የሚያውቅ፥ የገዢውን አቅም የሚመዝን፥ በጭቅጭቅ መካከል የሁለቱን ልብ የሚያበርድ ደላላ የድካሙ ዋጋ ይገባዋል። ነገር ግን ጥቅሙ ከሻጩ ጥቅም ጋራ ሁልጊዜ አንድ መንገድ እንደማይሄድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህንንም በሒሳብ እንየው። ቤቱ ዛሬ በ6,000,000 ብር ቢሸጥ ደላላው 120,000 ብር ያገኛል። ቤተ ሰቡ 2 ወር ታግሦ በ6,300,000 ብር ቢሸጥ ደላላው የሚያገኘው 126,000 ብር ነው። ለ2 ወር ድካም የተጨመረለት 6,000 ብር ብቻ ሲሆን፥ ለቤተ ሰቡ የተጨመረው 294,000 ብር ነው። እንግዲህ ደላላው «ገበያው ቀዝቅዟል፥ ይህ ገዢ ካመለጠ ሌላ አይገኝም» ብሎ ቢያስቸኵል የግድ ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም፤ ለእርሱ መታገሥ ስለማይጠቅመው ነው። ምክሩን መስማት፥ ውሳኔውን ግን በቤት ውስጥ ማስቀረት ይገባል።

ከዚህ የከፋው ሌላ ልማድ ነው። አንዳንዱ ደላላ ሻጩን፥ «እርስዎ የሚፈልጉትን ይንገሩኝ፤ ከዚያ በላይ ያመጣሁት የእኔ ይሁን» ይለዋል። ነገሩ ቀላልና ከወጪ የዳነ ይመስላል። ነገር ግን ሻጩ 6,000,000 ብር ብሎ ሳለ ገዢው 6,600,000 ብር ለመክፈል ፈቅዶ ቢሆን፥ 600,000 ብር በሻጩና በገዢው መካከል ሳይታይ ያልፋል፤ ይህም ከተለመደው የድለላ ዋጋ 5 እጥፍ ነው። ይህን ለመከላከል የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ተቀምጠው ዋጋውን ከየአፋቸው ይናገሩ። ይህን የሚከለክል ደላላ ቢኖር ምክንያቱ አይጠፋችሁም።

እመቤቶች የሚያማርሩበት ነገር ደግሞ የጐብኚው ብዛት ነው። ወጥ በእሳት ላይ ሳለ፥ ሕፃን ተኝቶ ሳለ፥ በሩ ይንኳኳል፤ አንዱ ጣሪያውን እያየ ከንፈሩን ይመጣል፤ አንዱ መንገዱ ጠባብ ነው ይላል፤ አንዱም ለመግዛት ሳይሆን የቤቱን ዕቃ ለማየት የመጣ ይመስላል። በየአፉ የሚነገረውን ነቀፌታ መስማት ቤታቸውን ለሚወዱ ሰዎች ያሳዝናል፤ ልባቸውንም ያደክማል፤ የደከመ ልብም ርካሽ ዋጋ ይቀበላል። ስለዚህ የመጐብኛ ቀን በሳምንት 2 ቀን፥ በተወሰነ ሰዓት ብቻ ይሁን። የካርታውን ዋና ቅጂ ለማንም አለመስጠት፥ ግልባጩንም ለመጣው ደላላ ሁሉ አለመበተን ይገባል። በአንድ ደብተርም የትኛው ደላላ የትኛውን ገዢ በስንት ቀን እንዳመጣ ይጻፍ። ቤቱ በተሸጠ ማግስት 3 ደላሎች «ገዢውን መጀመሪያ ያመጣሁት እኔ ነኝ» ብለው በር ላይ ሲቆሙ፥ ከብዙ መሐላ ይልቅ አንድ መስመር ጽሑፍ ይዳኛል።

ከደላላው ጋራ የሚደረገው ስምምነትም በጽሑፍ ይሁን። የድለላው ዋጋ ከመቶ ስንት እንደ ሆነና ከየትኛው ዋጋ ላይ እንደሚታሰብ፤ ሻጭ ብቻ እንደሚከፍል ወይም ገዢም የራሱን እንደሚከፍል፤ ደላላው ሌሎች ደላሎችን ቢጠራ ሁሉም ከዚያው ዋጋ ላይ እንደሚካፈሉ፤ ከተነገረው በላይ የተገኘው ዋጋ የሻጩ እንደ ሆነ፤ ስምምነቱ እስከ መቼ እንደሚጸና። ከሁሉ በላይ ግን የሚከፈልበት ቀን ይወሰን። ብዙ ደላላ ቀብድ በተሰጠ ዕለት ሙሉ ዋጋውን ይጠይቃል። ገዢው ሐሳቡን ቢለውጥ የተከፈለውን ገንዘብ ከደላላው ማስመለስ አስቸጋሪ ነውና፥ ውሉ በሕግ ፊት ተረጋግጦ ገንዘቡ በሻጩ እጅ በገባ ጊዜ ይከፈላል ተብሎ ይጻፍ።

ስለ ቀብድ በተለይ ልናስጠነቅቅ እንወዳለን። ቀብድ መቀበል ገዢን ማሰር ብቻ ለሚመስለው ሰው ሕጉ ሌላ ይናገራል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885፥ ተዋዋዮቹ በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር፥ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው የሰጠው እንደሚቀርበት፥ የተቀበለው ሰው ቢተው ግን ዕጥፉን እንደሚመልስ ይደነግጋል። በምሳሌያችን የመጀመሪያው ልጅ ከደላላው ጋራ ቸኵሎ 300,000 ብር ቀብድ ቢቀበል፥ በኋላም እናት «ከቤቴ አልወጣም» ቢሉ፥ ወይም በአሜሪካ ያለችው እኅት ውክልና አልሰጥም ብትል፥ ገዢው 600,000 ብር ይመለስልኝ ብሎ ይነሣል። በአንድ ከሰዓት በኋላ ችኰላ የልጁ ድርሻ ታላቅ ክፍል ለክርክር ይጋለጣል። ስለዚህ ወገኑ ሁሉ በጽሑፍ ሳይስማማ ከገዢ አንድ ብር እንኳ አይነካ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ደግሞም በቀብዱና በቀሪው ክፍያ መካከል ያለው ጊዜ ረዥም አይሁን። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር ከውጭ ገንዘብ ጋራ ሲመዘን ብዙ እንደ ቀነሰ ሁሉም ያየው ነው። ዛሬ በተወሰነ ዋጋ ተዋውሎ ቀሪውን ከ6 ወር በኋላ የሚቀበል ሻጭ፥ ሊገዛው ያሰበው ሌላ ቤት ዋጋው ጨምሮ ሊያገኘው ይችላል። ቀሪው የሚከፈልበት ቀን፥ ቀኑ ያለፈ እንደ ሆነም የሚሆነው ነገር በውሉ ይጻፍ።

አሁን ደግሞ በብዙ ሰው ዘንድ እንደ ብልኀት የሚታየውን አንድ ክፉ ምክር እናንሣ። «ግብሩና ቀረጡ እንዲያንስ በውሉ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ እንጻፍ» የሚል ነው። ቤቱ በ6,000,000 ብር ተሸጦ በውሉ ላይ 2,000,000 ብር ቢጻፍ፥ ሻጩ በእጁ ያለው ማስረጃ ስለ 2,000,000 ብር ብቻ ነው። ገዢው የቀረውን 4,000,000 ብር ቢክድ በምን ይከሰሳል? ውሉ በፍርድ ቢፈርስስ ገዢው የከፈለውን ሁሉ በምን ያስረዳል? ደግሞም ግምቱን የሚያጸድቀው መሥሪያ ቤት የራሱ የዋጋ መመዘኛ ስላለው የተጻፈውን ዋጋ ሁልጊዜ አይቀበልም። ሐሰትን መጻፍ በሕግ ከማስጠየቁ ሌላ፥ ሰውየው ቀረጥ አተርፋለሁ ሲል ቤቱን ያለ ማስረጃ ይሰጣል።

ወጪውንም አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110 በንብረት ባለቤትነት ማዛወሪያ ሰነድ ላይ ከዋጋው 2 በመቶ ቀረጥ ወስኗል፤ የከተማው አስተዳደር ስሙን ለማዛወር የሚያስከፍለውም ሌላ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ደግሞ ከማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በተገኘው ትርፍ ላይ 15 በመቶ ግብር ደንግጎ ነበር፤ ይህ ግብር የሚታሰበው በትርፉ ላይ እንጂ በጠቅላላው ዋጋ ላይ አይደለም። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለ ተሻሻለ፥ ቤቱ መኖሪያ ወይም መነገጃ መሆኑም በሒሳቡ ላይ ልዩነት ሊያመጣ ስለሚችል፥ ከመዋዋል በፊት የሚመለከተውን የግብር መሥሪያ ቤት መጠየቅ ግድ ነው። የስም ማዛወሪያው ወጪ በልማድ በገዢው ላይ ይወድቃል፤ ነገር ግን ልማድ በጠብ ጊዜ ምስክር ስለማይሆን ማን ምን እንደሚከፍል በውሉ ይጻፍ። ያልተከፈለ የጣሪያና ግድግዳ ግብር፥ የመብራትና የውሃ ሒሳብም ቢኖር አስቀድሞ ይጠራ።

ውሉ የሚፈረምበት ቀን ሲደርስ፥ በሰፈር ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ብቻውን አይበቃም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ እንዲሆን፥ ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ክፍል ወይም በፍርድ ቤት ፊት እንዲደረግ ያዛል። በአዲስ አበባ ሕዝቡ ይህን መሥሪያ ቤት «ውልና ማስረጃ» ይለዋል። እዚያ ከመፈረም በፊት ገንዘቡ በሻጩ ስም በተጻፈ የባንክ ክፍያ ማዘዣ፥ ሲፒኦ በሚባለው፥ መዘጋጀቱን፥ ማዘዣውም እውነተኛ መሆኑን ከባንኩ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። እናትና አባትም ማንበብ ባይችሉ ወይም ዐይናቸው ቢደክም፥ ከልጆቻቸው አንዱ ውሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላቸው፤ «ፈርሚ፥ ፈርም» የሚለው ችኰላ በዚያ ቀን አይሰማ።

ገንዘቡም ከገባ በኋላ ምክሩ አላለቀም። በምሳሌያችን ቤተ ሰብ ውስጥ ዕዳው በዚያው ቀን ይከፈል፤ የደላላው ዋጋ በደረሰኝ ይሰጥ፤ የእናት ድርሻ በእናት ስም ባለ የባንክ ሒሳብ ይግባ እንጂ «እኔ እይዝላቸዋለሁ» በሚል ልጅ እጅ አይቀመጥ። የቀረው ለሦስቱ ሲከፈል እያንዳንዱ የተቀበለውን ጽፎ ይፈርም። እንዲህ ያደረጉ ወንድማማች ከ10 ዓመት በኋላ በአንድ ማዕድ ሊቀመጡ ይችላሉ። እንዲህ ያላደረጉት ግን በቀብርና በሠርግ እንኳ ፊት ለፊት መተያየት እንደሚሳናቸው በየሰፈራችን የምናየው ነው።

ስለዚህ ቤት ለመሸጥ ያሰባችሁ ቤተ ሰቦች፥ ደላላ ከመጥራታችሁ በፊት አንድ ምሽት ከራት በኋላ በአንድነት ተቀመጡ። እናት ወይም አባት ይምሩ፤ ጽሕፈቱ የሚያምር ልጅ ብዕር ይያዝ። ለምን እንደምትሸጡ፥ ከዚያ በኋላ የት እንደምትኖሩ፥ ማን ማን እንደሚፈርም፥ የማትወርዱበት ዋጋ ስንት እንደ ሆነ፥ ለደላላ ስንትና መቼ እንደምትከፍሉ፥ የቀረውንም እንዴት እንደምትካፈሉ ጻፉ። ከዚያ በታች ሁላችሁም ፈርሙ። በባሕር ማዶ ያለ ልጅም ቢኖር በስልክ ይነበብለትና ቃሉን ይስጥ። ይህች አንዲት ወረቀት ለመጻፍ ከአንድ ምሽት የበለጠ አትፈልግም፤ ያልተጻፈች እንደ ሆነ ግን በእርስዋ ፈንታ የሚጻፈው የክስ ማመልከቻ ነው።